ውሃ የምትጠጣ መኪና፦ አንድ የ95 ዩሮ የፊውል ሴል መጫወቻ ሲፈተሽ

የቸኮለ ሰው እስከ ታች እንዳይደክም ፍርዴን ከላይ ልንገራችሁ። ዕቃው ይገዛል። መኪናዋ ግን የማትረባ ናት። ገንዘቡ የሚገባት ጀርባዋ ላይ የተሰካችው ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ከፍ የምትል ሰማያዊ ሳጥን ናት። እሷን ብቻ ለይቶ የሚሸጥ ካገኛችሁ እሷን ብቻ ግዙ።

አሁን ለማን እንደምትጽፍ ሳታውቅ ዕቃ የምታሞግስ እንዳልመስል ማንነቴን ልናገር። ጀርመን፣ አኸን ከተማ አካባቢ ባለ የምርምር ተቋም ፖስትዶክ ነኝ። ፖስትዶክ ማለት ዶክትሬቱን ጨርሶ ቋሚ ሥራ ያልያዘ ተመራማሪ ነው። እናቴ በየስልኩ "ታዲያ መቼ ነው ተምረሽ የምትጨርሺው?" የምትለኝ ለዚህ ነው። የምሠራው የፊውል ሴልና የኤሌክትሮላይዘር ሒሳባዊ ሞዴል ነው። ኤሌክትሮላይዘር በኤሌክትሪክ ውሃን ሃይድሮጅንና ኦክስጅን አድርጎ ይለያል። ፊውል ሴል ሁለቱን መልሶ ያገናኝና ኤሌክትሪክና ውሃ ይሰጣል። እኔ ሁለቱንም በእጄ አልነካም። ጋዙ በቀዳዳዎቹ እንዴት እንደሚያልፍ፣ ውሃው የት እንደሚጠራቀም፣ ሙቀቱ ወዴት እንደሚሄድ በእኩልታ እጽፋለሁ። ኮምፒውተሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈታ ያድራል። ጠዋት ቡናዬን ይዤ ስመጣ "መፍትሔ አልተገኘም" ይለኛል። ሥራው ይኼ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

መጫወቻውን የገዛሁት አዲስ አበባ ላለው የእህቴ ልጅ ነው። 11 ዓመቱ ነው። "አክስቴ፣ አንቺ ግን ምንድን ነው የምትሠሪው?" ብሎ ሲጠይቀኝ ስክሪን ላይ ቀይና ሰማያዊ ሥዕል አሳየሁት። "የአየር ትንበያ ነው?" አለኝ። በማግስቱ ኢንተርኔት ላይ ገብቼ አዘዝኩ። የኩባንያውን ስም አልጠራም። እንዲህ ዓይነት ዕቃ የሚሠሩ ብዙ ናቸው፣ ውስጡም ያው ተቀራራቢ ነው።

ሳጥኑ ውስጥ የፕላስቲክ መኪና፣ የመዳፍ ስፋት የምታህል የፀሐይ ፓነል፣ ሁለት ድንጋይ የሚገባበት የባትሪ ቤት፣ መርፌ የሌለው ስሪንጅ፣ ቀጫጭን የላስቲክ ቱቦዎች፣ ሁለት ባለ 30 ሚሊ ሊትር ሲሊንደሮችና ያች ሰማያዊ ሳጥን አሉ። መመሪያው በዘጠኝ ቋንቋ ነው፣ ፊደሉ ግን ጉንዳን ይመስላል። ኤሌክትሪክ የምትለኩበት ቴስተር የለም። ይኼ ትልቅ ጉድለት ነው። ቴስተር የሌለው ሰው የሚያየው ጎማ ሲሽከረከር ብቻ ነው፣ ጎማ ደግሞ በ5 ዩሮ መኪናም ይሽከረከራል።

ሰማያዊዋ ሳጥን ሁለት ሥራ ትሠራለች። ኤሌክትሪክ ሲሰጧት ውሃ ትከፍላለች፣ ጋዝ ሲሰጧት ኤሌክትሪክ ታመነጫለች። ለመጫወቻ ግሩም ነው። በፋብሪካ ደረጃ ግን ሁለቱን አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻ ነው የሚሠሯቸው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። የፊውል ሴሉ ኤሌክትሮድ ፕላቲኒየም የተረጨበት ካርቦን ነው። ያንኑ ካርቦን በኤሌክትሮላይዘር ኦክስጅን በኩል፣ በዚያ ከፍተኛ ቮልቴጅ ብታስቀምጡት እየተበላ ያልቃል። ስለዚህ እዚያ ኢሪዲየም የሚባል ብርቅ ብረት ይገባል። ኢሪዲየም ደግሞ በመላው ዓለም በዓመት 10 ቶን እንኳ አይሞላም፣ አብዛኛውም ከደቡብ አፍሪካ የፕላቲኒየም ማዕድን ጋር ተያይዞ ነው የሚወጣው። ለእኔ ሙያ ሰዎች የዘወትር ራስ ምታት ይኼ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ኃይሉን ከድንጋይ አልወሰድኩም፣ ድንጋይ እየደከመ ስለሚሄድ። የራሴ የሆነች የኃይል መስጫ አለችኝ፣ 0.6 አምፔር ላይ ቆለፍኳት። ሲሊንደሩ ውስጥ አረፋ ብቅ አለ። በሃይድሮጅኑ በኩል ያለው ውሃ በኦክስጅኑ በኩል ካለው በሁለት እጥፍ ፍጥነት ሲወርድ አየሁ። ይኼን ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ሁለት ሃይድሮጅን አንድ ኦክስጅን። በዓይኔ ሳየው ግን ይኼ የመጀመሪያዬ ነው። ማመን ያቅታል አይደል? ለዓመታት ስለዚህ ነገር ጽፌያለሁ፣ አረፋውን ግን አላየሁትም ነበር።

30 ሚሊ ሊትሩ በ6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ሞላ። በወረቀት ሳሰላው 6 ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው የሚመጣው። ቴስተሩ 1.72 ቮልት ያሳያል። በመጽሐፍ ውሃን ለመክፈል የሚያስፈልገው ዝቅተኛው 1.23 ቮልት ነው። ትርፉ የት ሄደ ካላችሁ፣ ከፊሉ ኦክስጅኑን ለማስወጣት በሚደረገው ግብግብ፣ ከፊሉ ደግሞ ፕሮቶኖች ሜምብሬኑን፣ ማለትም ሁለቱን ወገን የሚለየውን ስስ ፕላስቲክ፣ ሲያቋርጡ ወደ ሙቀት ተለወጠ። ከዚያ ገመዱን ቀይሬ ሞተሩን አገናኘሁ። 0.6 ቮልት፣ 0.3 አምፔር። መኪናዋ ወጥ ቤቱን እየዞረች 11 ደቂቃ ነዳች። ሒሳቡ ሲሠራ፣ ከሰጠኋት ጉልበት የመለሰችው 30 በመቶ ገደማውን ነው። መመሪያው ስለዚህ ጉዳይ ትንፍሽ አይልም። "ንጹሕ ጉልበት" ብሎ ቅጠል ሥሎ ያልፋል። ልጆች ይኼን ቁጥር ማወቅ የለባቸውም ያለው ማነው?

ቀጥሎ የምናገረው ያሳፍረኛል።

ሦስተኛው ቀን ላይ የተጣራው ውሃ አለቀብኝ። ቅዳሜ ማታ ነው፣ ሱቅ ዝግ ነው። "አንድ ጊዜ ምን ያመጣል" ብዬ ከቧንቧ ቀዳሁ። ማንቆርቆሪያዬ ታች እንደ ኖራ ነጭ የሚጋግር ውሃ ነው። ልብ በሉ፣ ሜምብሬን በባዕድ አዮኖች (ኤሌክትሪክ በተሸከሙ ቅንጣቶች) ሲበከል ምን ይሆናል በሚለው ላይ ጽሑፍ ያሳተምኩ ሰው ነኝ። ያንኑ ምሽት ቮልቴጁ መውጣት ጀመረ። በማግስቱ 0.6 አምፔር ለማሳለፍ ከ2 ቮልት በላይ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ ሞተሩን ማንቀሳቀስም አቃታት።

ምን እንደሆነ ለአማቼ፣ ለእህቴ ባል፣ የገለጽኩት በሚኒባስ ምሳሌ ነው። ሜምብሬኑ ውስጥ የተደረደሩ ወንበሮች አሉ፣ ከፕላስቲኩ ጋር የተጣበቁ የአሲድ ቡድኖች ናቸው። ፕሮቶን፣ ማለትም ኤሌክትሮኑን ያጣ ሃይድሮጅን፣ ቀልጣፋ ተሳፋሪ ነው። ከአንዱ ወንበር ወደ አንዱ እየዘለለ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል፣ ውሃው ያግዘዋል። የቧንቧ ውሃ ካልሲየም ይዞ ይገባል። ካልሲየም ሁለት ወንበር ይዞ የሚቀመጥ ሰውዬ ነው። "ወራጅ አለ" ብሎ አያውቅም። አሥር፣ ሃያ እንዲህ ዓይነት ሰው ሲገባ ሚኒባሱ ሙሉ ነው፣ ግን የሚጓዝ የለም። ቤተ ሙከራ ውስጥ ሜምብሬን ለብቻው ከሆነ በሙቅ ቀጭን ሰልፈሪክ አሲድ ዘፍዝፈው ያስወርዱታል። ይኼ ተገጣጥሞ የተዘጋ መጫወቻ ነው፣ ቤት ውስጥ አሲድ ማፍላትም የጤና አይደለም። ሞተች፣ አለቀ።

እዚህ ላይ መመሪያውንም እወቅሳለሁ። "የተጣራ ውሃ ብቻ" የሚለው ቃል አለ፣ ግን 14ኛው ገጽ ላይ፣ ከባትሪ አወጋገድ ቀጥሎ ነው። በትልቁ፣ በቀይ፣ ሰማያዊዋ ሳጥን ላይ ራሱ መጻፍ ነበረበት።

ለሻጩ ኢሜይል ጻፍኩ። ጥፋቱ የኔ መሆኑን አልደበቅኩም። መልስ የመጣው በዘጠነኛው ቀን ነው። ዘግይተዋል፣ ግን ጨዋ ነበሩ። ሳጥኗን ለብቻዋ በ38 ዩሮ ላኩልኝ፣ ተጨማሪ ሁለት ቱቦም በነጻ ጨመሩ። እኔም ያኔ ነው መኪናዋ፣ ሲሊንደሮቹና ቅጠል የተሣለበት ካርቶን 57 ዩሮ እንዳስከፈሉኝ የገባኝ።

የገና በዓል ሲደርስ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኳትና አዲስ አበባ ገባሁ። ስሪንጅና ቱቦ አይቶ "ሐኪም ነሽ?" ያለኝ ፈታሽ ነበር። "አይ፣ መጫወቻ ነው" ስለው በጥርጣሬ አየኝ፣ ግን አሳለፈኝ።

እህቴ ቤት ሳሪስ ነው። በረንዳው ላይ ጠረጴዛ ዘረጋን። የተጣራ ውሃ ከየት ይምጣ ሲባል አማቼ ነዳጅ ማደያ ሄዶ የባትሪ ውሃ ይዞ መጣ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ፣ የባትሪ ውሃና የባትሪ አሲድ ጎን ለጎን ነው የሚሸጡት፣ ጠርሙሱን አንብቡ። እናቴ "አምቦ ውሃ አይሆንም?" አለች። እሱ ቢሆን ኖሮ ሚኒባሱ ከመናኸሪያው ሳይወጣ ይሞላ ነበር።

ሌላም ልብ ማለት ያለባችሁ ነገር አለ። ሳጥኗ ለሳምንታት ደርቃ ከቆየች መጀመሪያ በስሪንጅ ውሃ አጠጧትና ትንሽ ጠብቁ። ሜምብሬኑ ሲደርቅ ፕሮቶን አያሳልፍም። በፈረንጆቹ 1991 አሜሪካ፣ ሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ የነበሩ ተመራማሪዎች በአንድ የአሲድ ቡድን ዙሪያ ስንት የውሃ ሞለኪውል አለ ብለው ለክተው፣ የሜምብሬኑን አሳላፊነት ከዚያ ቁጥር ጋር የሚያያይዝ ቀላል ቀመር አወጡ። የኔ ሞዴል ውስጥም እስከ ዛሬ አለች፣ ሁለት መስመር ናት። ሰማያዊዋ ሳጥን ውሃ ስትጠጣ ቴስተሩ ላይ ቁጥሩ ሲያገግም ያቺን ሁለት መስመር በዓይኔ እያየሁ ነበር።

የኃይል መስጫዋን እንደገና 0.6 አምፔር ላይ ቆለፍኩ። የእህቴ ልጅ በስልክ ሰዓት ያዘ። እኔ ከእህቴ ጋር ወሬ ይዤ ነበር።

"አክስቴ፣ ሞላ እኮ!"

"ገና ነው፣ ሰባት ደቂቃ ሊጠጋ ይገባል" አልኩት ዞር ሳልል።

"አምስት ደቂቃ ከአምስት ሰከንድ።"

ዞርኩ። እውነትም ሞልቷል። ሰዓት ስቶ ይሆናል ብዬ እንደገና አስደረግኩት። ያው ነው። ቴስተር ይዤ ኃይል መስጫዋን መረመርኩ፣ 0.6። ቱቦ ነካካሁ። ቮልቴጁን አየሁ፣ ምንም አልተለወጠም። ያው አምፔር ያው ብዛት ሃይድሮጅን መስጠት አለበት፣ ሳይንቲስቱ ፋራዳይ ካገኘበት ጊዜ ጀምሮ የተፈተነ ሕግ ነው። አንገቴን ደፍቼ ቆየሁ። ልጁ በዚህ መሀል መኪናዋን አስነሳትና ሌላ ነገር ይዞ መጣ። "ቶሎ ሞላች፣ ግን ቶሎም አለቀች።" አሥራ አንድ ደቂቃ የነዳችው መኪና ስምንት ደቂቃ ላይ ቆማለች።

ያኔ ነው የበራልኝ። ቶሎ የሞላው ሲሊንደሩ እንጂ ሃይድሮጅኑ አልበዛም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው ያለችው። የአየሩ ግፊት ከአኸኑ ሩብ ያህል ያንሳል። ግፊት ሲያንስ ያው ጋዝ ይለጠጣል። ስለዚህ 30 ሚሊ ሊትሩ ውስጥ የገባው ሃይድሮጅን ሩብ ያህል ጎድሏል፣ የሚያስኬዳት ደቂቃም እንደዚያው። ሂዱና አስሉት፣ ሁለቱም ቁጥር ይገጥማል።

ይኼን የሰባተኛ ክፍል ጉዳይ ለምን ወዲያው አላሰብኩትም? ሞዴሌን ከፈትኩ። "ግፊት" የሚለው መስመር ላይ 101325 ተጽፏል። ከዶክትሬቴ የመጀመሪያ ዓመት ጀምሮ እዚያው ነው። የባሕር ዳርቻ ሰዎች ቁጥር ነው። ተወልጄ ያደግኩት 101325 ፓስካል በሌለበት ከተማ ነው፣ አንድ ቀን እንኳ ነክቼው አላውቅም። እርግጥ ለቮልቴጁ ብዙ ለውጥ የለውም። ሳሰላው 5 ሚሊቮልት ገደማ ነው፣ በዚህ ቴስተር አይታይም። ግን አየር በመንፊያ የሚያስገባ ትልቅ ፊውል ሴል አዲስ አበባ ላይ ቢተከል ያው መንፊያ ሩብ ያህል ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚያቀብለው። ይኼ ቀልድ አይደለም። አሁን ያ ቁጥር ሞዴሌ ውስጥ ከተማ እየመረጠ ይለዋወጣል።

በሁለተኛው ምሽት መብራት ሄደ። ልጁ ዘሎ "በመኪናዋ እናብራ!" አለ። ከአሮጌ መጫወቻ የነቀላት ቀይ የኤልኢዲ አምፖል ነበረችው። አገናኘን። ምንም። ገለበጥን። ምንም። ቀይ ኤልኢዲ 1.8 ቮልት ገደማ ትፈልጋለች፣ አንዲት ሴል ደግሞ ምንም ሳይጎትቷት እንኳ 1 ቮልት አትሞላም። ሦስት ሴል በተከታታይ ቢገጠም ይበራል። ሳጥኑ ውስጥ አንድ ብቻ ነው ያለው። በሻማ ተቀምጠን ይኼን ማስረዳት ነበረብኝ፣ ልጁም ፊቱን አጨማደደ። ሻጮች ሆይ፣ ለአገራችን የምትልኩ ከሆነ ሦስት አድርጉት።

አማቼ በሻማው ብርሃን "ስልኬንስ አይሞላም?" አለኝ። አሰላንለት። ሲሊንደሩ አንዴ ሲሞላ አዲስ አበባ ላይ 90 ጁል ገደማ ነው የሚሰጠው። የስልኩ ባትሪ 54,000 ጁል ገደማ ይይዛል። 600 ጊዜ መሙላት ነው፣ በአምስት በአምስት ደቂቃ። 50 ሰዓት። "ከዚያማ መብራቱ ራሱ ይመጣል" አለ። ቀጥሎ ስለ ህዳሴው ግድብ ጠየቀኝ። 5,150 ሜጋዋቱ ሁሉ ለ1 ሰዓት ሙሉ ኤሌክትሮላይዘር ላይ ቢውል በሰዓቱ 100 ቶን ገደማ ሃይድሮጅን ይወጣል፣ 1 ኪሎ ለማውጣት ከ50 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ስለሚበላ። "ለማዳበሪያ ይሆናል?" አለኝ። ይሆናል። የማዳበሪያ መነሻ የሆነው አሞኒያ የሚሠራው ከሃይድሮጅንና ከናይትሮጅን ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው የዋጋ ክርክር ግን በሻማ የሚያልቅ አልነበረም።

የፀሐይ ፓነሏን ሳልጠቅስ ልሄድ ነበር። አኸን ላይ በታኅሣሥ ጌጥ ናት። ሳሪስ በረንዳ ላይ ግን አረፋው እንደ ጠላ ነበር። ስለ አደጋም ጠይቃችሁኝ ከሆነ፣ 30 ሚሊ ሊትር ሃይድሮጅን 3 ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። ቢቀጣጠል ጧ ብሎ ያስደነግጣል እንጂ ቤት አያቃጥልም። ያም ሆኖ ሻማውን ከጠረጴዛው ላይ አንስተነው ነበር፣ እናቴ ሳታየን በፊት።

ከመኪናዋ አንድ ጎማ ወልቋል። ስሪንጁ ጫፉ ላይ ተሰንጥቋል፣ በሳሪስ ፋርማሲ ሌላ ገዛን። ቱቦዎቹ ሙቀት ሲነካቸው ይላላሉ፣ በክር ማሰር ያስፈልጋል። ዋጋው በኛ ብር ሲመነዘር ያስደነግጣል፣ ለአንድ ልጅ መጫወቻ አትግዙት። ለአንድ ትምህርት ቤት ክፍል ሦስት ሰማያዊ ሳጥን፣ አንድ ጥሩ ቴስተርና አንድ ጠርሙስ የባትሪ ውሃ ቢገዛ ግን መኪናውን ማንም አይናፍቅም። የተቆረጠ ስሪንጅም ለሲሊንደር ይሆናል።

ስመለስ ዕቃውን ከነኃይል መስጫው እዚያው ተውኩት። ባለፈው ሳምንት ልጁ ከአባቱ ጋር ደብረ ብርሃን ለዘመድ ጥየቃ ሄዶ ነበር። ማታ በቴሌግራም የሲሊንደሩን ፎቶ ላከልኝ፣ ከሥሩ "4 ደቂቃ ከ52" ብሎ ጽፏል። ትንሽ ቆይቶ የድምፅ መልእክት መጣ። ዳሎል ከባሕር በታች ነው ወይ፣ እዚያስ በስንት ይሞላል፣ አባቴን ለምኚልኝ ይላል።